ፈረሱ ይሞታል ብዬ የተወራረድኩ ጊዜ

ሰው ስለ ውርርድ ሲያወራ ያሸነፈውን መርጦ ነው። እኔ የማወራችሁ የተሸነፍኩትን ነው። ያን ሰሞን አምቦ የጋሪ ተራ አጠገብ የቆመ ሁሉ ታሪኩን ያውቀዋል። ግን እያንዳንዱ በየፊናው ስለሚያወራው፣ አንዳንዱማ ጭራሽ እኔን ፈረሱ አድርጎ ስለሚተርከው፣ በራሴ አፍ ብናገር ይሻላል።

ጊዜው ባጃጅ አምቦ ያልገባበት ነው። ከመናኸሪያ እስከ ገበያ፣ ከገበያ እስከ ጉደር መውጫ ሰውም ዕቃም የሚሄደው በጋሪ ነበር። የኔ ሱቅ ከጋሪ ተራው ፊት ለፊት ነው። ሱቅ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንድ የቆርቆሮ በር፣ አንድ ባንኮኒ፣ አንድ ፒንሳ። ትምህርቴ ሰባተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። የቀረውን ያስተማረኝ መናኸሪያ ነው፤ እዚያ ደግሞ ኩረጃ አይከለከልም።

የምሸጠው የጋሪ ፈረስ ዕቃ ነው። ከናይለን ገመድ የተሠራ የደረት ማሰሪያ፣ ከመኪና ጎማ ካላማዳሪ የተቀደደ ጠፍር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጓም። ልጓሙን ግንበኞች ፌሮ ከሚያስሩበት ሽቦ የምሠራው ራሴ ነኝ። ለዚህ ነው እኔን ታደሰን «ታዴ ሽቦ» የሚሉኝ። ስድብ እንዳይመስላችሁ፣ ማስታወቂያዬ ነበር። ሌሎች የሚሠሩት ልጓም ቀለበቱ አጠገብ የሽቦው ጫፍ ወደ ውጭ ስለሚቀር የባለጋሪውን እጅ ይቧጭራል። እኔ ግን ሁለት ዙር ጠምዝዤ ጫፉን በፒንሳ ወደ ውስጥ እመልሰዋለሁ። ከጎጆ ከተማ እስከ ጌዶ «የታዴ ልጓም እጅ አይነካም» ይባል ነበር። ይቺን ልብ በሉልኝ።

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት አንዲት ነጭ መኪና መጥታ ከተራው ማዶ ባሕር ዛፎቹ ሥር ቆመች። ለጋሪ ፈረስና ለጭነት አህያ በነጻ ሕክምና የሚሰጥ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው ተባለ። ባልዲ አወረዱ፣ ገመድ ዘረጉ፣ መድኃኒት ደረደሩ። ባለጋሪው ነጻ የሚለውን ቃል ሲሰማ ተሰለፈ። ሐኪሟ ዶክተር ጫልቱ ትባላለች፤ ቀጭን፣ የጎማ ቦት ጫማ ያደረገች፣ የጋውኗን እጅጌ እስከ ክርኗ የሰበሰበች ወጣት ሴት። ቁስል ታጥባለች፣ ኮቴ ትሞርዳለች፣ የወስፋት መድኃኒት ትሰጣለች። እስከዚህ ድረስ ጉዳዬ አልነበረም።

ጉዳዬ የሆነው ማስተማር ስትጀምር ነው። አንዱን ልጓም ከአንድ ፈረስ አፍ አውጥታ ወደ ላይ ያዘችው።

«ይሄ የፈረስ ዕቃ አይደለም» አለች። «ይሄ የግንብ ዕቃ ነው። ቁስሉን እኔ ዛሬ ባክመው ነገ ይሄ መልሶ ያቆስለዋል። እኔ መድኃኒት ሳመላልስ፣ እናንተ ፈረስ ስትቀብሩ ልንኖር ነው?»

ባለጋሪዎቹ ዞረው ሱቄን አዩ። ነጋዴ ደንበኛው እንዲያ ዞሮ ሲያየው ቁጭ አይልም። አስፋልቱን ተሻግሬ ሄድኩ።

«አንቺ ልጅ» አልኳት። ያኔ አንቺ ማለት ይቀለኝ ነበር። «ሰው መርፌ አጥቶ ፈረስ ከወጋችሁ፣ በሚቀጥለው ለዶሮም መነጽር ታመጣላችኋ!»

ተራው በሙሉ ሳቀ። የሚያናድደው እሷም ሳቀች።

«ዶሮዋ ማየት ካቃታት እናመጣለን» አለች። «እርስዎ የሽቦው ባለቤት ነዎት?»

«የሽቦውም የገመዱም። አሥራ ሁለት ዓመት ሸጫለሁ። አንድም ሰው መጥቶ አልከሰሰኝም።»

«የሚከሰው መናገር ስለማይችል ነዋ።»

አሁን የሳቁት በኔ ነው። ደሜ ፈላ። መልስ ስፈልግ ዓይኔ ወደ ጉደር መውጫ ሄደ።

እዚያ ምን እንዳለ ላስረዳችሁ። በኛ አገር ጋሪ መሳብ ያቃተው ፈረስ ዕቃው ይወልቅለትና አስፋልቱ ዳር ይለቀቃል። ይሸጥ ቢባል ገዢ የለውም፤ ባለቤቱ በገዛ እጁ መግደሉንም አይፈልግም። ጅብ ይጨርሰዋል። በዚያ ሰሞን አንድ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ዳማ ፈረስ እዚያ ቆሞ ነበር። ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ሳር ላይ ቆሞ ሳር አይበላም። ሁላችንም በየቀኑ እያየነው እናልፋለን።

«ያን ፈረስ አድኚና እኔም ተማሪሽ እሆናለሁ» አልኳት። «ቦራውን፣ ጉደር መንገድ ላይ ያለውን። ካዳንሽው ሽቦና ናይለን ሁለተኛ አልሸጥም። ከሞተ ደግሞ እዚህ ተራ ላይ የኔን ዕቃ ስም አታነሺም።»

የባለጋሪዎቹ ሊቀመንበር ኦቦ ዲንቃ፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ታዴ፣ ተናግረሃል?»

«ተናግሬአለሁ ኦቦ።»

«ዶክተር፣ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ። ግን ፈረሱን ራሳቸው ያምጡት።»

የሞተ ፈረስ የገዛሁ ያህል እርግጠኛ ሆኜ ሄድኩ። አጥንቱ በቆዳው ላይ ይቆጠራል። ገመድ ይዤ ነበር፤ አላስፈለገም። ስራመድ ተከተለኝ፣ ስቆም ቆመ። ሩብ ሰዓት የማይፈጀው መንገድ ሰዓት ከምናምን ፈጀብን። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «ታዴ፣ ቆዳ ነጋዴ ሆንክ?» ይለኛል። ተራው ጋ ስንደርስ ከባለጋሪዎቹ አንዱ፣ ፈይሳ፣ ፊቱን አዙሮ ምንም ያልሆነ የጋሪውን ጎማ ሲያጠባብቅ አየሁት። የማን ፈረስ እንደነበር የዚያን ጊዜ ገባኝ።

ዶክተር ጫልቱ ፈረሱን ዞራ አየችው። መንጋጋው ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰ ጠባሳ አለ።

«መብላት ሲተው በሽታ ነው ብላችሁ ተኮሳችሁት?» አለች ለማንም ሳታነጣጥር።

ፈይሳ ጎማውን ማጠባበቁን ቀጠለ።

«አቶ ታደሰ፣ ጭንቅላቱን ያዙልኝ። በዚህኛው እጅዎ ደግሞ ባትሪውን።»

«እኔ ነኝ የምይዘው?»

«ያመጣው ነው የሚይዘው።»

ማደንዘዣ ወጋችው፣ በአፍ መክፈቻ ብረት መንጋጋውን ከፈተች። ሽታው ወደ ኋላ ገፋኝ። ምላሱ አንድ ጎኑ ተበልቷል። በጉንጩ ውስጠኛ በኩል ድንች የሚያክል እብጠት አለ፣ መግል ይዟል። እሷ ፊቷን እንኳን አላጨማደደችም። ጣቷን አስገብታ ዳበሰች፣ ቆም አለች፣ ከዚያ መቆንጠጫ አስገብታ ሳበች። መጀመሪያ አልመጣም። እንደገና ሳበች። መጣና ሳህኑ ላይ ጣለችው፤ ብረት ብረትን ሲመታ ቂው አለ።

የጣት አንጓ የሚያክል የተሰበረ ሽቦ ነው። በውሃ አጥባ ወደ ብርሃን አቀረበችው።

«ሁለት ዙር ተጠምዝዟል» አለች። «ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ሳር ባኘከ ቁጥር ሲወጋው ነበር። ይሄ ፈረስ በሽታ የለበትም፣ ርቦት ነው።»

ወገኖቼ፣ ሰው የእጅ ጽሑፉን እንደሚያውቅ እኔ ያን ጥምዝ አውቀዋለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ስኮራበት ኖሬአለሁ። የባለጋሪው እጅ እንዳይቧጨር ጫፉን ወደ ውስጥ ስመልስ፣ ውስጥ የሚባለው ቦታ የማን አፍ እንደሆነ አንድም ቀን ራሴን አልጠየቅኩም። ልጓሙ ተሰብሮ ሲወልቅ ጫፉ እዚያው ቀርቷል።

ኦቦ ዲንቃ ሳህኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዘራቸውን አዩ።

ጉንጩን አጠበች፣ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያና የቁስል መድኃኒት ወጋች፣ ጀርባው ላይ ያለውን ቁስል አጸዳች። ከዚያ እጇን እየታጠበች ፍርዱን ነገረችኝ። «በጣም ደክሟል። እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ድረስ በራሱ አፍ ካልበላ አስተኛዋለሁ።»

«አስተኛዋለሁ ማለት?»

«ሳይሰቃይ እንዲሞት አደርጋለሁ። ለጅብ አንተወውም። ማዳን ሲያቅተን እሱም ሥራችን ነው።»

«እስከዚያ የት ይቆያል?»

«መኪናችን በረት የላትም። እርስዎ ግን ግቢ አለዎት ብለውኛል።» ማን እንደነገራት ለማወቅ ዞር ስል ኦቦ ዲንቃ ሰማይ እያዩ ነበር።

ባለቤቴ አስናቀች በሩ ላይ ቆማ ተቀበለችን።

«ገመዱን ስትሸጥ ቻልኩ። አሁን ፈረሱን አመጣህልኝ። ነገ ባለጋሪውንም ከነቤተሰቡ ታመጣዋለህ?»

«ለአንድ ቀን ነው።»

ቀርባ አፉን ስታይ ነጠላዋን አስተካከለችና ውሃ ልታሞቅ ገባች። ሐኪሟ እንዳዘዘችው አፉን ለብ ባለ የጨው ውሃ አጠብነው። ፉርሽካ በሞቀ ውሃ አልሰን ፊቱ አስቀመጥን። አሸተተው፣ ተወው። በእፍኜ ይዤ አቀረብኩለት፤ ከንፈሩን ሰበሰበ። ከሦስት ሳምንት በላይ ምግብ ማለት ሕመም ማለት ሆኖበት፣ አሁን ሕመሙ ቢወጣም እሱ አላመነም።

አስናቀች በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። «ውርርዱን ነገሩኝ» አለች። «ካሸነፍክ ምን ይሆናል?»

«ፈረሱ ይሞታል።»

«ከተሸነፍክስ?»

«ሽቦ መሸጥ አቆማለሁ።»

«እና የቱን እየለመንክ ነው ፉርሽካ ይዘህ ጭቃ ላይ የተንበረከክኸው?»

ይቺ ሴት ሱቁን ብትይዘው ኖሮ እስካሁን ሀብታም ነበርን።

ጠዋት ስነሳ ፈረሱ ተኝቶ አገኘሁት። ሐኪሟ ከተኛ በአንድ ጎኑ እንዳይቆይ ብላ ነበር። እኔና አስናቀች ገለባ የሞላ ማዳበሪያ ከጎኑ እየደገፍን በደረቱ አስቀመጥነው። ፉርሽካው እንደነበረ ነው። አዲስ አለስን፣ ቀዘቀዘ፤ ሌላ አለስን፣ እሱም ቀዘቀዘ። አምስት ሰዓት ላይ የነጭዋ መኪና ድምፅ ተሰማ።

ዶክተር ጫልቱ ልቡን አዳመጠች፣ ድዱን ተጭና አየች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ አንድ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት ጠርሙስ አወጣችና ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው። ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

«ስድስት ነው ያሉኝ» አልኳት። ቃሉ ሲወጣ ነው «እርስዎ» ማለቴን የሰማሁት። «ገና አንድ ሰዓት አለው።»

«እጠብቃለሁ።» ከፈረሱ አጠገብ ቁጢጥ አለች። «አቶ ታደሰ፣ ውርርዱን እያሸነፉ ነው፤ ደስ ያለው ሰው ግን አይመስሉም።»

«ልጓሙን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረዎት?»

«ባትሪው። ሽቦውን ባወጣሁት ጊዜ መብራቱን ከፈረሱ አፍ አንስተው ሳህኑ ላይ ተከሉት።»

«ታዲያ እዚያው ለምን አላዋረዱኝም? ተራው ሁሉ ቆሞ ነበር።»

«ባዋርድዎት ምን አገኛለሁ? ተናደው ሽቦውን ከባንኮኒ ሥር ደብቀው ይሸጡታል። እኔ የምፈልገው የሚደበቅ ሽቦ አይደለም።»

በንግድ ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ያለ ነጋዴ አላጋጠመኝም። ሸቀጧ መድኃኒት ሳይሆን ሐሳብ መሆኑ የዚያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ገዢዋ ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን የግቢው በር ተንኳኳ። ፈይሳ ነው። ክዳን ያለው ባልዲ ይዞ ደፉ ላይ ቆሟል።

«አካም ቡልተን» አለ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። ቀኑ እኩል ሆኖ «እንዴት አደራችሁ» ማለቱ ነው፤ ጠዋቱን በሙሉ በሩ አካባቢ ሲዞር እንደነበረ ገባኝ።

«ግባ። ምንድን ነው የያዝከው?»

«አተላ። እሱ… ቦራ ጠዋት ጠዋት የጠላ አተላ ካላገኘ ገለባ ነክቶ አያውቅም። እኔ ነኝ ያስለመድኩት።» ወደ ሐኪሟ ዞረ። «ዶክተር፣ በሽታ መስሎኝ ነው እኮ። ሽቦ መሆኑን ባውቅ በጥርሴም ቢሆን አወጣው ነበር።»

አልገሠጸችውም። ክዳኑን ከፍታ አሸተተች። «ይሄ በመጽሐፋችን የለም።»

«በኛ አለ» አለ ፈይሳ።

«በሞቀ ውሃ ይቅጠን። ከፉርሽካው ጋር ይቀላቀል። ትንሽ ብቻ።»

አስናቀች ለወሰችው። ሳፋውን ፈይሳ ያዘ። ግን አላቀረበውም፤ ቆሞ ቀረ።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«በስሙ ከጠራሁት ይነሳ ነበር። አሁን ልጥራው ብል… አፈርኩት።»

«ጥራው አንተ! እፍረቱን ማታ ታፍራለህ።»

«ቦራ» አለ። ጎንበስ አለ። «ቦራ ኮ! ኮቱ!» ቦራዬ፣ ና እያለው ነው።

መጀመሪያ አንድ ጆሮው ዞረ። ከዚያ ሌላው። አንገቱን አነሳ። ፈይሳ ሳፋውን አፍንጫው ሥር አደረገው። ከንፈሩ ነካ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ነካ። ከዚያ ፉት ሲል ሰማነው። በሕይወቴ ብዙ ጥሩ ድምፅ ሰምቻለሁ፤ ያን የሚያህል ግን የለም። ጠጣ፣ ቆም ብሎ አመመኝ ወይስ አላመመኝም የሚል መሰለ፣ መልሶ ጠጣ። ሳፋውን ላሰው። ከዚያ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ወደቀ፤ በሦስተኛው አራታችን ከጎኑ ገፋንና ቆመ።

ዶክተር ጫልቱ ሰዓቷን አየች፣ ሰማያዊውን ጠርሙስ አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ መለሰች።

«ተሸነፍክ» አለችኝ አስናቀች።

«ገና ነው፣ መዳኑ ይረጋገጥ» ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። አቧራ ገብቶብኝ ነበር ብላችሁ ብትይዙልኝ ደስ ይለኛል።

በሦስተኛው ቀን ቦራ ሳር ማኘክ ጀመረ። እኔም ሱቅ ውስጥ ያለውን ልጓምና ናይለን በጆንያ ሞልቼ የጋሪ ተራው መሃል ዘረገፍኩት። «ይኸው ኦቦ ዲንቃ፣ ቃሌ።»

ሽማግሌው በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉት። «መጣል ቀላል ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የሸጥከውን አንድ ቀን ለብሰኸው ታውቃለህ?»

የተራው ጩኸት ቀለጠ። የሚደራደሩ ሰው ስላልነበሩ ኮቴን አወለቅኩ። የናይለኑን የደረት ማሰሪያ አጠለቁልኝ፣ ከጋሪው ጋር አያያዙኝ። ኦቦ ዲንቃ ጋሪው ላይ ወጥተው ተመቻቹ። ዘንጉን የያዘው ፈይሳ ነው፤ ዕድሉን አላባከነም።

«ቼ! ኮቱ ታዴ! ኮቱ!»

ከኋላ አንዱ «ልጓሙስ?» ብሎ ጮኸ።

«እሱን አልፈቅድም» አለች ዶክተር ጫልቱ። «ሥራችን እንስሳትን ከሥቃይ መጠበቅ ነው።»

«ታዴም ከእንስሳት ተቆጠረ?»

«ለዛሬ።»

ሃያ እርምጃ ነው የሄድኩት። በአምስተኛው ገመዱ ደረቴ ውስጥ የገባ መሰለኝ፤ በአሥረኛው ሳቃቸውን መስማት ተውኩ። ከዚያ ዶክተር ጫልቱ ራሷ ያመጣችውን፣ ከሸራ ተሰፍቶ በውስጡ ጥጥ የታጨቀ ሰፊ ማሰሪያ አጠለቀችልኝ። ያው ጋሪ፣ ያው ኦቦ ዲንቃ፣ ክብደታቸውም አልቀነሰም። ግን ጋሪው ሄደ። የናይለኑ ሰንበር ሸሚዜ ሥር ሳምንት ቆየ። ያቺን ሳምንት ተምሬባታለሁ።

ከዚያ በኋላ ቅዱስ ሆንኩ ብዬ አላስቸግራችሁም። ነጋዴ ነኝ። የሸራውን አሰፋፍ ከድርጅቱ ሰዎች ተምሬ መሥራት ጀመርኩ፤ ለልጓም ጫፉ የተሞረደ ለስላሳ ብረት ከበያጅ አሠራለሁ። መጀመሪያ ላይ ገዢው «ለፈረስ ፍራሽ?» እያለ ሳቀብኝ። ቆይቶ ግን የኔን የገዛው ፈረሱ ዓመት ከዓመት ሲሠራ አየ። ፈረሱ የሞተበት ባለጋሪ ከኔ የሚገዛው ምንም ነገር የለም፤ ይሄ እስኪገባኝ አሥራ ሁለት ዓመት መፍጀቱ ነው የሚያሳፍረኝ። ነጭዋ መኪናም በየጊዜው ትመጣ ነበር፤ በመጣች ቁጥር የሚታጠበው ቁስል ቁጥር እያነሰ፣ ሐኪሟ ከባለጋሪዎቹ ጋር የምታወራው እየበዛ ሄደ። ቦራ ሦስት ወር ጋሪ እንዳይነካ ኦቦ ዲንቃ ራሳቸው ጠበቁት። ከዚያ ወደ ፈይሳ ተመለሰ፤ አተላውን ሳያቋርጥ።

እናንተ ይሄን የምታነቡ፣ የምትሸጡት ነገር ይኖር ይሆናል፤ ወይም የምትሠሩት፣ ወይም ለሌላው የምታዙት። እጃችሁን እንዳይቧጭር ጫፉን ወደ ውስጥ የመለሳችሁት ነገር ካለ፣ ውስጥ ያለው ማን እንደሆነ ሄዳችሁ እዩ። ባትሪ ይዛችሁ።

እኔ ደንብ አበጅቻለሁ። ከሱቄ የሚወጣ ማሰሪያ መጀመሪያ በኔው ደረት ላይ አንድ ሰዓት ይውላል። ስለዚህ ጠዋት በዚያ ያለፈ ሰው፣ አንገቱ ላይ የፈረስ ዕቃ አጥልቆ በር ላይ ሻይ የሚጠጣ ሽማግሌ ያያል። አዲስ ሰው ከሆነ ቆም ብሎ «ሰውዬው ምን ነክቷቸው ነው?» ይላል።

ባለጋሪዎቹ ቀና ብለው እንኳን አያዩኝም። «ተዋቸው፣ ሰዓታቸው ገና አልሞላም» ይሉታል።